የሽቶዋ ሴት ሁለተኛ ዓይን

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሰላም ከማራኪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ልትጠይቀኝ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና «እምዬ፣ ይችን ተመልከች» አለችኝ። አየሁ። አንዲት ቀጭን ሴት በባሕር ዳር በነጭ ፈረስ ትጋልባለች፤ ፀጉሯ ተበትኗል፤ አንድ ሰው ከወዲያ ሆኖ ሚስጥር እንደሚነግር ያንሾካሹካል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጠርሙስ ብቅ ትልና ያልቃል። ፈረሱን ነው እንዴ የሚሸጡት ብላት ሳቀች። ሽቶ ነው አለችኝ። ቀጥላ ሌላ አሳየችኝ፤ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ብቻውን ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነፋስ ይመታዋል። ይኸኛው የወንዶች ነው አለችኝ። ለአሮጊትስ የሚሆን የላቸውም ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ በጣቷ እየገፋች ብትፈልግ ብትፈልግ አንዲት ሽበታም አጣች። እሷ ወደ ትምህርቷ ሄደች፣ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጫ አጣሁ። ድሮም እግሬ አይረጋም፤ አሁን ደግሞ ልቤ ተጨመረበት። ትናንት በጠዋት ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። የባጃጁ ልጅ «እማማ፣ ልውሰድሽ» ቢለኝ እምቢ ብዬ በእግሬ ሄድሁ።

የሐጂ እድሪስ ሱቅ የነበረበት ቤት አለ። ዛሬ የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል። በረንዳው ግን ያው ነው፤ ጣሊያን የተወው ወፍራም ዓምድ፣ ያ ቢጫ ግድግዳ። ስንት ዓመት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት በእርጅናዬ ነው፣ ዘመን የምቆጥረውም በልብስ ነው። ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ ከዓመታት በኋላ፣ ካኪ የለበሰ ሁሉ ሹም ይመስል የነበረ ጊዜ ነው። ስኳር በጥቅልል ወረቀት ይሸጣል፣ ከአስመራ የጭነት ማኪና ሲገባ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ያያል፣ አቡጀዲ የደረሰው ሰው በሰንበት ይኮራበታል። በዚያ በረንዳ ሥር ሦስት ሥራ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። መካከል ላይ የሐጂ እድሪስ የሽቶና የመስተዋት ሱቅ፤ በግራ በኩል አክስቴ ዘነቡ ሹሩባ የምትሠራበት ዱካ፤ በቀኝ በኩል የልብስ ሰፊው የይርዳው የስፌት መኪና። እኔ እናቴ ስለሞተችብኝ ገና ድክ ድክ ስል ከወገራ መጥቼ አክስቴ ነች ያሳደገችኝ። ሥራዬ ፀጉር መለየት፣ ቅቤ ማቅለጥ፣ ማበጠሪያ ማቀበል ነው። ይርዳው ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ መኪናውን በእግሩ ሲረግጣት ድምጿን ከሩቅ እለያት ነበር።

ይርዳው ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ለአክስቴ ነግሯታል። ነገር ግን አባቱ የሞተበት ልጅ ነውና የእናቱን ቃል ሳልሰማ ሽማግሌ አልልክም ብሏል። እናቱ እመት ጥሩነሽ ጠዳ ነው የሚኖሩት፤ በሬ ያላቸው፣ ሁለት ላም የሚያልቡ፣ ከቄስ በቀር ለማንም አንገታቸውን የማይደፉ ሴት ናቸው እየተባለ ይወራል። ለቅዳሜ ገበያ መጥተው ሊያዩኝ ተቀጠረ። እሳቸው እሺ ካሉ ከይርዳው ጋር እኖራለሁ፤ እምቢ ካሉ ግን ያን የመኪና ድምፅ ለሌላ ሴት ትቼ ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ፀጉር ስለይ መኖሬ ነው። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚሉት ነገር አልነበረኝም። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፤ አክስቴም «ምነው ጉንዳን ነከሰሽ?» ትለኛለች።

ወደ ሽቶው ልመለስ። ሐጂ እድሪስ ሽቶ ሲሸጡ ያየ ሰው የዛሬውን የስልክ ፈረስ ሲያይ አይገርመውም። ሽቶ በዓይን አይሸትም፣ በወሬም አይሸትም፤ ስለዚህ ብልህ ሻጭ ስለ ሽቶው አያወራም፣ ስለ ገዢው ነው የሚያወራ። ወታደር ሲመጣ «ይህን ነካ አድርገህ ብትገባ መቶ አለቃ መጣ ብለው ነው የሚነሡልህ» ይሉታል። የሙሽራ እናት ስትመጣ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ ልጅቱ ወጥታ ከሄደች በኋላ ቤቱ ያስታውሳታል ይሏታል፣ እናት ደግሞ ይህን ሰምታ ሳትከፍል አትወጣም። ለእስላም ሴቶች ጎንበስ ብለው ዘይት ብቻ ነው፣ ስካር የለበትም፣ ሰላት አያበላሽም ይላሉ። ከዳባት ከደባርቅ ብርድ ጠብሶት ለወረደ ገበሬ ደግሞ ስለ ሽታ ጭራሽ አያነሡም፤ ጠርሙሷን ከፀሐይ አንጻር ቀስ አድርገው ያዞሯታል፤ ሰውየው ማር መስላው ይገዛታል። ትንሿ በስሙኒ፣ ትልቋ በብር። ሽቶው እኮ ሁሉም አንድ ነው፤ ከአንድ ጀሪካን ነው የሚቀዳው።

አንድ ጊዜ ከአስመራ ዕቃ ሲመጣላቸው ትልቅ የወረቀት ሥዕል አብሮ መጣ። የፈረንጅ ሴት ናት፤ ትከሻዋ ባዶ፣ ወደ ጎን ዞራ ጠርሙስ ታሸታለች። ሐጂ በጣም ደስ አላቸው፤ በበሩ ሳንቃ ላይ ለጠፏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ሱቁን ይሸሹ ጀመር። እስከ በረንዳው ይመጡና ቀና ብለው ያዩዋታል፣ አማትበው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ሐጂ መስተዋቱን አስወለወሉ፣ ዕቃውን አገለባበጡ፣ በራፉን አስጠረጉ፤ ወይ ፍንክች። ነገሩ እኛ ሁላችን የምናውቀው ነበር፤ እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያን ገብተው አያውቁምና ከየት ይወቁት። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣል፤ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰይጣኑ፣ ጌታን የሚገርፈው፣ ኃጥኡ ነው። የሐጂ ሴት ደግሞ አንድ ዓይን ነው ያላት። ርኩስ የያዘችውን ጠርሙስ ማን ይቀባል? ለደጉ ሰው በፊቱ መናገሩ አስነውሮን ዝም አልን፤ በመጨረሻ አክስቴ አላስችላት ብሎ ነገረቻቸው። ሐጂ ሥዕሏን ትኩር ብለው አዩና «አንቺ ዘነቡ፣ ሁለተኛው ዓይኗ እኮ በወዲያ በኩል ነው» አሏት።

«ታዲያ ምነው ወዲህ አያዞሯትም?» አለች አክስቴ።

ሐጂ ሳቁ፣ ወረቀቷን ግን በዚያው ቀን ላጧት። ከዚያ በየደብሩ ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩትን አያ ፈንታን አስጠሩና በበሩ ሳንቃ ላይ ያገራችንን ሴት፣ በሁለት ዓይን፣ ሽቶ ይዛ እንዲሥሉላቸው ተስማሙ። አያ ፈንታ እጅ ጠርሙስ ሲይዝ እንዴት እንደሚሆን አላየሁም፣ አንድ ሰው ይያዝልኝ ብለው ወደ እኔ አዩ። አክስቴ ፊቷ ገበያ የወጣች ልጅ ማን ያገባታል ብላ እምቢ አለች። አያ ፈንታም ፊቷን አልሥልም፣ እጇን ብቻ ነው የማየው ብለው ማሉላት። ተቀመጥሁ። ሐጂ መስተዋትም ስለሚሸጡ ክቡ የነሐስ መስተዋት ከኋላዬ ይታይ ብለው አስቀመጡት። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ባንገላታኋቸው ቁጥር አያ ፈንታ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ቀና ባሉ ቁጥር እጃቸው ፊቴን ይለምደዋል።

ሲያልቅ ሐጂ፣ አክስቴና እኔ ቆመን አየነው። እኔው ነኝ። ዓይኔ፣ አፌ፣ ከሁሉ ይልቅ አንገቴ። ልጅ ሆኜ አንገቴን ሲነቅሱኝ መርፌው ሲያመኝ ከመካከል ተነሥቼ ሮጬ ነበርና ንቅሳቴ ግማሽ ነው፤ እንዲህ ያለ አንገት በጎንደር ሁለት የለም። አያ ፈንታ ያችኑ ግማሽ ንቅሳት ቁጭ አድርገዋታል። አክስቴ ማሐላዎ የት ሄደ ብትላቸው፣ እጄ ያየውን ነው የሠራው፣ እጄን ደግሞ አላስማልሽውም አሏት። ሌላም ነገር ነበረ። የነሐሱ መስተዋት በጭንቅላቴ ዙሪያ ቢጫ ሆኖ ወጥቷል። ከሥሯም የለመዱትን ጽሕፈት በግእዝ ጽፈውባታል፤ «ዘከመ ተቀብአት ዕፍረተ» ይላል፣ ሽቶ እንደተቀባች ማለት ነው። ለእሳቸው ሥዕል ያለ ጽሕፈት እርቃን ነው።

የሆነውን ትገምታላችሁ። በማግስቱ አንዲት የአርማጭሆ ሴት በራፉ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች፣ ሳንቃውን ግንባሯን አስነክታ ተሳለመችና ሄደች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን እያወለቁ። የማን ሥዕል እንደሆነች የጠየቀ የለም፤ ሁለት ዓይን አላት፣ በራሷ ላይ ብርሃን አለ፣ ከሥሯ ግእዝ አለ፣ በቃ። ሽቶው እንደ ጉድ ተሸጠ፤ ለራስ ምታት በግንባራቸው ይቀቡታል አሉ። ሐጂ ግን ደስ አላላቸውም። ገንዘቡን እየተቀበሉ ፊታቸው ይከፋል። አንድ ቀን ለአክስቴ እንዲህ አሏት፤ «ወታደሩን መቶ አለቃ ትመስላለህ ስለው እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ፤ ጨዋታ ነው። እነዚህ ግን እውነት ብለው ነው የሚሄዱ።» የቤተ ክህነት ሰው ደግሞ አንድ ነገር ሳይል አይቀርም ብለው ፈሩ። በጠጅ ቤቱ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ግጥም አወጣልኝ፤

ምን ዓይነት ልጅ ቆመች ከሐጂ ሱቅ በራፍ፣
ሁሉም እየሳማት ከቶ የማታኮርፍ።

ይርዳው ይህን የሰማ ቀን መኪናውን ሳያንቀሳቅስ ዋለ። እናቴ ቅዳሜ ስትመጣ ይችን እንዳታይ አለ። አክስቴም ሐጂን ለመነች፤ ሐጂ ምን ገዶኝ፣ ዓርብ ከመስጊድ ስመለስ በቀለም አስደፍናታለሁ አሉ። ስለዚህ ዓርብ ማታ ነገሩ ያልቃል ብዬ ትንሽ ተረጋጋሁ፤ ለቅዳሜ ቀሚሴን አጠብሁ፣ አክስቴ ፀጉሬን ሠራችኝ።

እመት ጥሩነሽ ዓርብ መጡ። ጤፍ የጫነ ማኪና በጠዳ ሲያልፍ ጎረቤታቸው ሹፌሩን ያውቀው ኖሮ አሳፈራቸው፤ እግሬን ላሳርፍ፣ ቅዳሜን በእርጋታ ልዋል ብለው ነው። ቀትር ነው። ሐጂ ለስግደት ሄደው ሱቁ ተዘግቷል፣ ሲዘጋ ደግሞ ሳንቃው ወደ ውጭ ነው የሚታይ። ይርዳው የሰፋውን ካኪ ሊያደርስ ወጥቷል። አክስቴ ቅቤ ልትገዛ ሄዳለች። እኔ ብቻዬን ማበጠሪያ ይዤ ከዓምዱ ጀርባ ተቀምጫለሁ። አንዲት ረዘም ያሉ፣ ጥለታቸው ጠባብ፣ ሽክ ያሉ ሴት መጡ፤ ሥዕሏን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ጫማቸውን አወለቁ። ግንባራቸውን አስነኩ፣ ሳንቃውን ሳሙ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ መለመን ጀመሩ። ሰው የሚሰማቸው አልመሰላቸውም።

«እመቤቴ፣ ማን እንደሆንሽ ባላውቅም እንግዳሽ ነኝ። ይርዳው የምለው አንድ ልጅ አለኝ። አንዲት ከተሜ ይዞብኛል አሉ። ሸጋ እንደሆነች ስጪኝ፤ ሸጋ ካልሆነች ከዓይኑ አርቂልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ። ነጠላዬን እስከ አገጬ ሳብሁ። እሳቸው ጫማቸውን አድርገው ዘወር ሲሉ አዩኝና የልብስ ሰፊው የይርዳው ቦታ ወዴት ነው አሉኝ፣ በደግ አፍ፣ ልጄ ብለው። በእጄ አመለከትሁ። እጄን ሳነሣ ነጠላው ተንሸራተተ። አንገቴን አዩ። ሳንቃውን አዩ። መልሰው አንገቴን አዩ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ በተሻለኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው እፍረት ነው፤ ትልቅ ሰው በልጅ ፊት ሲያፍር እንደማየት ያለ ክፉ ነገር የለም። የልጃቸው ዱካ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ይርዳው ሲመጣ ወደ ጎን ወሰዱት። ከዚያ ውኃም ሳይቀምሱ ወደ ጠዳ ተመለሱ።

ቃላቸውን ይርዳው ነው ያመጣልን። ለአክስቴ ነገራት፣ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። የተሳለምኋትን ልጅ እንዴት አድርጌ ውኃ ቅጂ እላታለሁ፣ እንዴትስ እግሬን ታጥበኛለች፣ ሌላ ፈልግ ብለዋል። እኔም የእናቴን ቃል አልጥስም አለ። አክስቴ ስድብ ለአፏ መጣ፣ ዋጠችው። ሐጂ እድሪስ ሲመለሱ ጉዱን ሰምተው ሳንቃውን ራሳቸው ቀለም ቀቡት፤ ነጠላዬን፣ ዓይኔን፣ ንቅሳቴን ሁሉ። ቆሜ አየሁ። ሰው ራሱ ሲደፈን ማየት ያስደነግጣል፣ ግን ደስም ይላል።

ቅዳሜ ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ፣ ተቀመጥሁ። እሑድ ማለዳ ለአክስቴ ሳልነግር ወጣሁ። ልጃገረድ ብቻዋን አዘዞን አልፋ ጠዳ ስትሄድ በዚያ ዘመን ተሰምቶ አያውቅም፤ መንገደኛው ሁሉ የማን ልጅ ነሽ ይለኛል፣ እኔ እሄዳለሁ። ስደርስ እመት ጥሩነሽ ከቅዳሴ ገብተው ነጠላቸውን ገና አላጠፉም። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠባልና የእንጨት ገበታና ውኃ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ገበታውን ልነጥቃቸው ያዝሁ። እሳቸው ይስባሉ፣ እኔ እስባለሁ፤ ውኃው ግማሹ ፈሰሰ። በመጨረሻ መሬት ላይ ተቀመጥሁና እግራቸውን ያዝሁ።

«እመት ጥሩነሽ፣ ያች ሥዕል ናት። እኔ የዘነቡ እህት ልጅ ነኝ። ንቅሳት ሲነቅሱኝ አልቅሼ የሮጥሁ ነኝ፤ ስሜን ቢጠይቁኝ ዘርትሁን እባላለሁ፤ ቅቤ ሳቀልጥ አሳርራለሁ።»

እግራቸውን ለመንጠቅ ሞከሩ፣ አልለቅም አልሁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «ሸጋ እንደሆነች ስጪኝ ብዬ ነው የለመንሁ። ልመናዬን ሳልጨርስ አንቺ ከኋላዬ ነበርሽ። አሁን እምቢ ብዬ ማንን ልካድ?» አንድ እግራቸውን አጠብሁ። ሁለተኛውን አልሰጡኝም።

ሽማግሌ ተላከ፣ ተጋባን። ይርዳው መኪናውን ጠዳ ወሰዳት፤ እዚያም ካኪ የሚያሰፋ አልጠፋም። የፈለግሁትን አገኘሁ ብዬ ነበር። ግን እመት ጥሩነሽ ስገባ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። እንስራ ስሸከም ከጀርባዬ ይቀበሉኛል። አንቱ ሊሉኝ ትንሽ ይቀራቸዋል። ምራታቸውን ውኃ አምጪ፣ እንጨት ስበሪ፣ ምነው ዘገየሽ የሚሉ አማቶች መንደሩን ሞልተውታል፤ የእኔ አማት ከአፋቸው ክፉ ቃል አይወጣም። ጎረቤቶቼ የታደልሽ ይሉኛል። እኔ ግን በዚያ ቤት የት እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር። የሚቆጣኝ የለም፣ የሚያዝዘኝ የለም፤ ስሠራም ሳልሠራም አንድ ነኝ። ይርዳው ሲስቅ ሳቁ እናቱ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። ሰው በሞላበት ቤት ብቸኝነት እንዴት እንደሆነ ለማንም አላስረዳሁም፤ ቀኑን ሙሉ ከግቢ ወደ ግቢ ስዞር እውል ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አበባ ሲለብስ አንዲቱ ላም ወልዳ ነበር። ከተማ ያደግሁ ነኝና ጥጃ ከእናቱ ተለይቶ ታስሮ ማደር እንዳለበት ቢነገረኝም ከልቤ አልገባም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዘዞ በኩል ማኪና ሲያጓራ ሰምቼ የጥጃውን ጉረኖ በር ሳልዘጋ ወደ መንገዱ ሮጥሁ። ሦስት ማኪና ተከታትሎ አለፈ፤ አቧራው እስኪበርድ ቆምሁ። ስመለስ ጥጃው እናቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠብቷት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ግቢውን ይዞረዋል። እመት ጥሩነሽ ባዶ ቅላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አዩኝ። ዛሬም ምንም አይሉኝም ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አንቺ ዝርክርክ! አክስትሽ ሹሩባ ብቻ ነው እንዴ ያስተማረችሽ? ለቄሱ የማቀርበውን እርጎ ከምን ላምጣው?»

ለቅሶዬ ቀደመኝ። እሳቸው ልቤን የሰበሩት መስሏቸው ደነገጡ፤ ቅሉን አስቀምጠው ወደ እኔ መጡ፣ ይቅር በይኝ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ክንዳቸውን ያዝሁና እባክዎ አይመልሱት፣ ይጨምሩልኝ አልኋቸው። ግራ ገብቷቸው ፊቴን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ቅላቸውን አነሡ።

«ቆመሽ ታለቅሻለሽ እንዴ፤ ሂጂና ያን ጥጃ ያዢ» አሉኝ።

ሮጥሁ።